የሄይቲ ባህላዊ ውዝዋዜ ድርጅቶችን እነማን ይመሯቸዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብሩክሊን፣ በማያሚ፣ በቦስተንና በሞንትሪያል፣ ማለትም ከሄይቲ የመጡ ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች፣ የሀገራቸውን ባህላዊ ውዝዋዜ ከበሮ እየተመታ የሚያስተምሩና ለመድረክ የሚያበቁ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ትንንሽ ድርጅቶች ይገኛሉ። ስለ ውዝዋዜው ራሱ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ አዳራሽ የሚከራዩት፣ ከበሮ መቺ የሚያፈላልጉት፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዙትና ሒሳብ የሚዘጉት ሰዎች ግን ብዙም አይነሡም። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው እነርሱን የሚመለከቱ ናቸው። የሕጉ ማብራሪያ የአሜሪካን አሠራር የተከተለ ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ድርጅቱን በትክክል የሚመራው ማን ነው?

ጥያቄው ሁለት መልስ አለው። በሕግ ፊት መሪው የዳይሬክተሮች ቦርድ ነው፤ በጀት የሚያጸድቀው፣ ሥራ አስኪያጅ የሚሾመውና የሚያሰናብተው፣ ለመንግሥት ስለሚቀርበው ሪፖርት ተጠያቂ የሚሆነው እርሱ ነው። ወደ ልምምድ አዳራሹ የገባ ሰው ግን ቦርድ የሚባል ነገር አያይም፤ የሚያየው ከፊት ቆሞ እንቅስቃሴውን የሚያሳየውን የኪነ ጥበብ ዳይሬክተር ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ድርጅቱን የመሠረተው ባለሙያ ሲሆን፣ ተማሪው የሚመጣውም፣ ለጋሹ የሚሰጠውም፣ ጋዜጠኛው የሚያነጋግረውም እርሱን ብሎ ነው። የቦርዱ ሥልጣን የሚመነጨው ከመተዳደሪያ ደንቡ ነው፤ የኪነ ጥበብ ዳይሬክተሩ ሥልጣን ደግሞ እርሱን ካስተማሩት ሰዎች። እነዚህ ድርጅቶች ሲጠነክሩም ሆነ ሲዳከሙ፣ ምክንያቱን መፈለግ ያለብን በሁለቱ ሥልጣኖች መካከል ባለው መግባባት ወይም መካረር ውስጥ ይመስለኛል።

በመካከላቸው የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያከናውን ሥራ አስኪያጅ ወይም አስተባባሪ ይኖራል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለዚህ ሰው ደመወዝ ይከፍላሉ። በትንንሾቹ ዘንድ ግን አስተባባሪዋ ቀን ሌላ ቦታ ሠርታ ማታ የድጋፍ ማመልከቻ የምትጽፍ የቀድሞ ተማሪ፣ ወይም ልጇን ልታስተምር መጥታ በዚያው የቀረች እናት ልትሆን ትችላለች።

መሥራቹ የድርጅቱ ባለቤት ነው?

አይደለም። ከገቢ ግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባለቤት የለውም፤ አክሲዮን አይሸጥም፣ ትርፍ አይከፋፈልም፣ ቢፈርስም የተረፈው ገንዘብና ዕቃ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ሌላ ድርጅት ይተላለፋል እንጂ ወደ መሥራቹ ቤት አይገባም። ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዕድር ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ፣ በሁለቱም ዘንድ ስብሰባ ይረዝማል። ዕድር ግን የአባላቱ ነው፤ አባሉ የሚከፍለው ለራሱና ለቤተሰቡ ክፉ ቀን ነው። የውዝዋዜ ድርጅቱ በአንጻሩ የተቋቋመው ለሕዝብ ጥቅም ስለሆነ፣ ቦርዱ ሀብቱን በአደራ ይጠብቃል እንጂ ሀብቱ የቦርዱም አይደለም።

ይህ ሲባል መሥራቹ በነጻ ይሠራል ማለት አይደለም። ለሚያስተምርበትና ለሚያሰናዳው ትርኢት ተመጣጣኝ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል፤ ክፍያው ሲወሰን ግን እርሱ ከክፍሉ ወጥቶ ሌሎቹ የቦርድ አባላት ይነጋገራሉ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል። መሥራቹ እህቱን ገንዘብ ያዥ፣ የአክስቱን ልጅ ጸሐፊ አድርጎ ሥራ ሲጀምር ነገሩ ለጊዜው ይቀላል፤ በኋላ ከፍ ያለ ድጋፍ ሲጠየቅ ግን ገንዘብ ሰጪው ተቋም መጀመሪያ የሚያየው የቦርዱን የስም ዝርዝር ነው።

የቦርድ አባላት ይከፈላቸዋል?

በአብዛኛው አይከፈላቸውም፤ እንዲያውም ከኪሳቸው እንዲለግሱና ሌሎች ለጋሾችን እንዲያመጡ ይጠበቅባቸዋል። ከመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። የቀሩት ነርስ፣ አስተማሪ፣ ጠበቃ ወይም ጡረታ የወጡ ተወዛዋዥ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝቅተኛው የአባላት ቁጥር እንደየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይለያያል።

ከበሮ መቺው ከአመራሩ ይቆጠራል ወይስ ተቀጣሪ ሙዚቀኛ ነው?

በክፍያ መዝገቡ ላይ ተቀጣሪ ነው። ልምምዱ ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል።

ቩዱ በተባለው የሄይቲ ባህላዊ ሃይማኖት ውስጥ ራዳ በሚባለው ሥርዓት ሦስት ከበሮዎች አብረው ይመታሉ። ትልቁና ዋናው ማንማን ይባላል፤ በሄይቲ ክሪዮል ቋንቋ እናት ማለት ነው። መካከለኛው ሰጎን፣ ትንሹ ደግሞ ቡላ ይባላሉ፤ ስማቸው ለእኛ ጆሮ ወፏንና የእንሰቱን ገንፎ ቢያስታውስም፣ ሰጎን የተባለው ሁለተኛ ስለሆነ ነው። ከጎናቸው ኦጋን የተባለው ብረት ሳያቋርጥ ምቱን ይጠብቃል፤ ደወል በሌለበት የዶማ ምላስ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የራዳ ከበሮዎች የላም ቆዳ ለብሰው በችካል የሚወጠሩ ሲሆን፣ ፔትዎ ለተባለው ፈጣንና ኃይለኛ ስልት የሚያገለግሉት ደግሞ የፍየል ቆዳ ለብሰው በገመድ ይታሰራሉ። ስለዚህም ከበሮ መቺው ከተማሪዎቹ ቀድሞ ደርሶ ችካሎቹን አንድ በአንድ እየመታ፣ ቆዳውን በጣቱ እየነካ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ድምፁን ሲያስተካክል ማየት የተለመደ ነው።

ትምህርቱ ሲሟሟቅ ተማሪዎቹ በሁለትና በሦስት ተሰልፈው ከአዳራሹ ጫፍ ወደ ከበሮዎቹ እየተወዛወዙ ይመጣሉ። እንቅስቃሴው መቼ እንደሚለወጥ የሚወስነው ማንማንን የያዘው ሰው ነው፤ ከመደበኛው ስልት ወጥቶ ካሴ የሚባለውን ሰባራ ምት ሲያሰማ፣ የሁሉም ሰውነት በአንድ ጊዜ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። አስተማሪዋ ብታጨበጭብም፣ ብትቆጥርም፣ ካሴው ካልመጣ የሚንቀሳቀስ የለም። ሲያበቃም ተማሪዎቹ ወደ ከበሮዎቹ ቀርበው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ አንዳንዶቹ ወለሉን በእጃቸው ይነካሉ። ጭብጨባው ለአስተማሪዋ ከሆነ፣ እጅ መንሣቱ ለከበሮው ነው።

ከበሮ መቺ ድርጅት ሲመራ በግልጽ የታየበት አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ትሩፕ ማካንዳል የተባለው ቡድን በ1973 በፖርት ኦ ፕሪንስ ተመሥርቶ በ1981 ወደ ኒው ዮርክ ሲሻገር፣ በኪነ ጥበብ የመሩት ሊቀ ከበሮው ፍሪስነር ኦጉስታን ነበሩ። በልጅነታቸው በፖርት ኦ ፕሪንስ የቩዱ ሥርዓቶች ላይ ከበሮ የመቱት እኚህ ሰው፣ በ1999 የአሜሪካ መንግሥት ለባህል አዋቂዎች የሚሰጠውን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት አግኝተዋል። የቡድኑ ስም ደግሞ በ1758 በቅኝ ገዢዎቹ በእሳት የተቃጠለውን አመፀኛ ባሪያ ፍራንሷ ማካንዳልን ያስታውሳል።

ስለዚህ ለቦርድ አባላት የምሰጠው አንድ ግልጽ አስተያየት አለኝ፦ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የከበሮ መቺዎቹ ክፍያ መሆን የለበትም። የተቀዳ ሙዚቃ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ተወዛዋዡን አያየውም፣ አይጠብቀውም፣ ካሴም አይሰጠውም።

አስተማሪዎቹ በምን ይመዘናሉ? ዲፕሎማ አላቸው?

አንዳንዶቹ በታወቁ የዳንስ ትምህርት ቤቶች ሠልጥነዋል፤ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን «ማን አስተማረህ?» ብሎ ነው። ነገሩ በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ስም እንደሚጠራው ዓይነት ነው።

በዚህ ሐረግ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠሩ ስሞች አሉ። አሜሪካዊቷ ካትሪን ዳንሃም በ1935 አንትሮፖሎጂ ለማጥናት ወደ ካሪቢያን ተጉዘው ሄይቲ ሲደርሱ ያዩትንና የተማሩትን በኋላ በስማቸው ወደሚጠራው የዳንስ ስልት አስገብተዋል። ዣን ሌዮን ዴስቲኔ በ1941 ሊና ማቶን ብላንሼ ከሚመሩት ቡድን ጋር ዋሽንግተን በተካሄደው ብሔራዊ የባህል ፌስቲቫል ላይ ቀርበዋል፤ የፖርት ኦ ፕሪንስ ሁለት መቶኛ ዓመት በ1949 ሲከበር የተቋቋመውን ብሔራዊ የባህል ትርኢት ቡድንም በመጀመሪያ የመሩት እርሳቸው ናቸው። ከዳንሃም ቡድን የወጡት ላቪኒያ ዊሊያምስ ደግሞ በ1953 በመንግሥት ግብዣ ወደ ሄይቲ ሄደው ትውልድ ያስቆጠሩ ተወዛዋዦችን አሠልጥነዋል። በ2017 በ99 ዓመታቸው ያረፉት ቪቪያን ጎቲዬም በፖርት ኦ ፕሪንስ እርጅና እስኪጫናቸው ድረስ በቤታቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዛሬ በቦስተን ወይም በብሩክሊን የሚያስተምር ሰው ከእነዚህ አንዱን ወይም የእነርሱን ተማሪ ከጠራ፣ ያ ከምስክር ወረቀት ይበልጥለታል።

ሐረጉ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ልጆች የሚያስተምር ሰው ሁሉ የወንጀል ነጻ ማጣሪያ ማለፍ ይኖርበታል፤ ይህን የማረጋገጥ ኃላፊነት የአመራሩ ነው። ወላጅ ሳያፍር ሊጠይቅ ይገባል።

ልጄን ባስመዘግብ ሃይማኖት ያስተምሩብኛል?

«ዛር የሚወርድበት ቦታ ነው ወይ?» ብሎ በቀጥታ የሚጠይቅ ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም፤ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት የሆኑ የሄይቲ ወላጆችም ያንኑ ያነሣሉ።

ሐቁ እንዲህ ነው። ያንቫሉ፣ ናጎ፣ ኢቦ፣ ኮንጎ፣ ባንዳ የተባሉት ውዝዋዜዎች ሥራቸው በቩዱ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ከእነዚህ የኢቦና የኮንጎ ስሞች ባሪያ ሆነው የተጋዙት ሰዎች የመጡባቸውን የአፍሪካ ሕዝቦች ያስታውሳሉ። በያንቫሉ ተወዛዋዡ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ጀርባውን እንደ ውኃ ሞገድ ያንቀሳቅሳል፤ እንቅስቃሴው በእባብ የሚመሰለውን ዳንባላ የተባለ መንፈስ ያመለክታል። በአዳራሹ ውስጥ የሚሰጠው ግን ትምህርት እንጂ ሥርዓተ አምልኮ አይደለም፤ መሥዋዕት የለም፣ መንፈስ አይጠራም። አስተማሪው የእንቅስቃሴውን ታሪክ ይናገር ይሆናል፤ እኔም ቢናገር እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ምንነቱ የተደበቀ ውዝዋዜ የአካል እንቅስቃሴ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሪዎቹ በዚህ ጉዳይ ላይ ቃላቸውን መርጠው የሚናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሄይቲ መንግሥት በፕሬዚዳንት ስቴኒዮ ቪንሰንት ዘመን በ1935 ባወጣው ሕግ «የአጉል እምነት ሥርዓቶች» የተባሉትን ሲከለክል፣ ሕዝባዊ ጭፈራዎችን ግን ፈቅዷል። በ1941 እና በ1942 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባካሄደችው ዘመቻ ብዙ የቩዱ ቤቶች ፈርሰዋል፣ ከበሮዎችም ተቃጥለዋል። በዚያው በ1941 ደራሲው ዣክ ሩማን ቅርሱ ከመጥፋቱ በፊት ተሰብስቦ እንዲጠና የኢትኖሎጂ ቢሮን አቋቋሙ። እንግዲህ «ፎክሎር» (የሕዝብ ባህል) የሚለው ቃል ያኔ መጠለያ ሆነ፤ በሥርዓተ አምልኮ ስም የተከለከለው ነገር በመድረክ ስም ተፈቀደ። ክልከላው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋር ተነሥቶ፣ ቩዱ በ2003 በመንግሥት ዘንድ እንደ ሃይማኖት ዕውቅና አግኝቷል። አንድ ዳይሬክተር «እኛ ፎክሎር እናስተምራለን» ሲል እንግዲህ ያንን ሁሉ ታሪክ ይዞ ነው የሚናገረው፤ እየሸሸ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።

መሪዎቹ ሁሉ ሄይቲያውያን ናቸው?

አይደሉም። ትሩፕ ማካንዳልን ከኦጉስታን ጋር ለዓመታት ያስተዳደሩት አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሎይስ ዊልከን ናቸው፤ እርሳቸው የኦጉስታን የከበሮ ተማሪ ነበሩ። ይህ የሥራ ክፍፍል፣ ማለትም ዕውቀቱ በሄይቲያዊው መምህር፣ ወረቀቱ በውጭ ተወላጇ ተማሪ እጅ መሆኑ፣ በሌሎችም ዘንድ የሚታይ ነው። ይጠቅማል፤ ጥያቄም ያስነሣል። ገንዘብ ሰጪው የሚያነጋግረው እንግሊዝኛ የሚቀናውን ሰው ከሆነ፣ ቀስ በቀስ ድርጅቱ በማን ድምፅ እንደሚናገር አይታወቅም። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ በክሪዮልም እንዲነበብ ማድረግ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ አረጋውያኑን ከጠረጴዛው ዙሪያ እንዳይርቁ ያደርጋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሒሳቡንስ ማየት እችላለሁ?

ገቢው የሚገኘው ከትምህርት ክፍያ፣ ከትርኢት ትኬት፣ ትምህርት ቤቶች ለሚቀርብላቸው ዝግጅት ከሚከፍሉት፣ ከግለሰቦች ልገሳ እንዲሁም ከከተማ፣ ከክፍለ ግዛትና ከፌዴራል የኪነ ጥበብ ድጋፎች ነው። የፌዴራሉ የኪነ ጥበብ ድጋፍ በአብዛኛው ተቀባዩ ከሌላ ምንጭ እኩል ገንዘብ እንዲያዋጣ ይጠይቃል፤ አሥር ሺህ ዶላር ለማግኘት አሥር ሺህ ማሳየት ማለት ነው። ብዙ ትንንሽ ቡድኖች እዚህ ላይ ይደናቀፋሉ። ቀሪውን ጉድለት የሚሞላው ጉልበት ነው። ሄይቲያውያን ኮንቢት የሚሉት የገበሬዎች የሥራ መረዳዳት ከእኛ ደቦ ጋር አንድ ነው፤ ሶል የሚሉት ደግሞ ዕቁብ ነው። ካራቤላ የተባለውን ሰፊ ሰማያዊ ቀሚስ ለሃያ ልጆች ለመስፋት እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት ሲሰበሰቡ፣ ያ ሥራ በየትኛውም በጀት ላይ አይታይም።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ አዎን፣ ማየት ይችላሉ። ከግብር ነጻ የሆነ ድርጅት በየዓመቱ ለገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱ ቅጽ 990 የተባለውን መግለጫ ያቀርባል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት መግለጫዎችም ለጠየቀው ሰው ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለበት። ዓመታዊ ገቢው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ የሚያቀርበው አጭር የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያ ብቻ ስለሆነ ብዙ ዝርዝር አይገኝበትም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የቦርድ አባላቱ ስምና ክፍያቸው ተዘርዝሮ ይታያል። መግለጫውን ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላቀረበ ድርጅት የግብር ነጻነቱን ወዲያው ያጣል፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሌብነት ሳይሆን ወረቀቱን ይሞላ የነበረው ሰው መልቀቁ ነው።

ገና ያልተመዘገበ ቡድን ልገሳ መቀበል ይችላል?

ቀድሞ ፈቃድ ያገኘ ድርጅት በሥሩ ቢያስጠልለው ይችላል። ያስጠለለው ድርጅት ልገሳውን በራሱ ስም ተቀብሎ፣ ለአስተዳደር የተወሰነ መቶኛ ቀንሶ ቀሪውን ለቡድኑ ሥራ ያውላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ይህ መንገድ የራስን ቦርድ በጥድፊያ ከማቋቋም ይሻላል።

ሄይቲ ውስጥ የሚሠሩ አሉ?

አሉ፤ በውጭ ያሉትም ወደዚያ ይመለሳሉ። በቦስተን አካባቢ የሚሠራው የሄይቲ ተወላጅ ዣን አፖሎን በ2006 በፖርት ኦ ፕሪንስ ለወጣቶች በነጻ የሚሰጥ የበጋ የዳንስ ሥልጠና ጀምሯል። የጥር 12 ቀን 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ አዳራሾችን አፈረሰ፤ በሐምሌ 2021 ፕሬዚዳንት ጆቬኔል ሞይዝ ከተገደሉ በኋላ የታጠቁ ቡድኖች ዋና ከተማዋን እየተቆጣጠሩ በመሄዳቸው ደግሞ መጓዙ ራሱ አደገኛ ሆኗል። የእነዚህ ድርጅቶች መሪዎች ከዚያ ወዲህ ከመድረክ ውጪ ሌላ ሥራ ተጨምሮባቸዋል፤ ተማሪዎቻቸው በሰላም ማደራቸውን በስልክ ያጣራሉ።

ውዝዋዜው ከእስክስታ ጋር ዝምድና አለው?

የዘር ሐረጉ የሚያደርሰው ወደ ዳሆሜይ (የዛሬዋ ቤኒን)፣ ወደ ኮንጎና ወደ ሌላው ምዕራብ አፍሪካ ነው እንጂ ወደ እኛ አይደለም። ሆኖም ዜፖል የሚባል ውዝዋዜ አላቸው፤ ትርጉሙ ትከሻ ነው፣ የሚንቀጠቀጠውም ትከሻ ነው። ጎንደሬ ወይም ጎጃሜ ተማሪ እዚያ ላይ ሲደርስ አስተማሪው ፈገግ ቢል አይገርምም። ችግሩ ወገብ ላይ ነው፤ በእስክስታ ቀጥ ብሎ የለመደ ጀርባ ያንቫሉን ለመማር ወራት ይፈጅበታል።

መሥራቹ ሲደክሙ ወይም ሲያርፉ ድርጅቱ ምን ይሆናል?

በጣም የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው። ኦጉስታን በ2012 ትውልድ ከተማቸው ውስጥ ሲያርፉ፣ በእጃቸው የነበረው ዕውቀት በከፊል በተማሪዎቻቸው እጅና በተቀዱ ድምፆች ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ይህም ሊሆን የቻለው አስቀድሞ የሚቀዳና የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ነው። ጥሩ ቦርድ መሥራቹ በሕይወትና በጤና ሳለ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ክፍሉን ማን ይረከባል? የትርኢቶቹ ቅንብር የማን ንብረት ነው? የባንክ ሒሳቡ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ ማን ነው? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከቀብር ማግስት የከበሮ መቺ ክፍያ የሚዘገየው በእርሱ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ከአያት የተወረሰ ያንቫሉ የማንም ሊሆን አይችልም፣ በመድረክ ላይ የተቀናበረበት መንገድ ግን የአቀናባሪው ሥራ ነው፤ ድንበሩን ቀድሞ በጽሑፍ ያላሰፈረ ድርጅት በኋላ ከወራሾች ጋር ይነታረካል።

መጀመሪያ ቀን ስሄድ ማንን ላናግር?

ዳይሬክተሩን አይጠብቁ፤ ከትምህርቱ በፊት ሰውነቱን እያሟሟቀ ወይም ከከበሮ መቺዎቹ ጋር እየተነጋገረ ይሆናል። በሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ የመመዝገቢያ ወረቀትና የብር ሣጥን ይዛ የተቀመጠች ሴት ትኖራለች። የልጅዎን ዕድሜ፣ የክፍያ ቅናሽ መኖር አለመኖሩን፣ የትኛው ክፍል ለጀማሪ እንደሚሆን እርሷን ይጠይቁ። ቀሚሱ የት እንደሚሰፋም የምታውቀው እርሷ ናት። ምናልባትም የቦርዱ ገንዘብ ያዥ ናት።